የማትታመመው አይጥ፦ የሲስቲክ ፋይብሮሲስን የሳንባ ኢንፌክሽን በእንስሳ ላይ ስለማጥናት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የማይክሮባዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕሙማን ሳንባ ውስጥ ለዓመታት የሚቆየውን ፕሴዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሊያዳክም ይችላል ብዬ የማስበውን ውሁድ በአይጥ ላይ ለመሞከር የምርምር ዕቅድ አቀረብሁ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ‹አይጥ ይህ በሽታ አይዛትም፤ ሥራው ዋጋ የለውም› አሉኝ። እውነት ነው? አይጥ ካልሆነች የትኛውን እንስሳ ልምረጥ?»

ገምጋሚው የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ለእርስዎ ሥራ ይበልጥ ስለሚያስፈልግ ረዘም አድርጌ ልመልስ። በዚሁ ነጥብ ላይ ተስፋ ቆርጠው ሥራቸውን የተዉ ወጣቶች አውቃለሁ፤ ማስረጃቸው የማይሸከመውን ድምዳሜ የጻፉም አውቃለሁ። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ልጁ ከእናቱም ከአባቱም የተበላሸ ዘረ መል ሲወርስ የሚይዝ ሕመም ነው። ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን በ1938 በግልጽ የጻፉት በኒው ዮርክ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ዶሮቲ አንደርሰን ናቸው። ሲኤፍቲአር የተባለው ዘረ መል የተገኘው በ1989፣ በሰባተኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ይህ ዘረ መል የሚያስገኘው ፕሮቲን በሕዋሱ ሽፋን ላይ የቆመ በር ነው፤ ክሎራይድና ባይካርቦኔት ያሳልፋል። በሩ ሳይሠራ ሲቀር የአየር ቧንቧዎችን የሚያርሰው ፈሳሽ ይለወጣል፣ ንፍጡ ይወፍራል፣ ይጣበቃል። ጤነኛ ሳንባ በየደቂቃው ጠርጎ የሚያስወጣው ባክቴሪያ እዚያ ቤት ይሠራል። በልጅነት ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስና ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ይቀድማሉ። ዕድሜ ሲገፋ ፕሴዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ይገባል፤ አልጂኔት የተባለ ዝልግልግ ሽፋን ለብሶም ለዓመታት ይሰፍራል። ሳንባውን የሚያፈርሰው ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ እሱን ለማጥፋት በገፍ የሚጎርፉት ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚረጩት ኢንዛይም የቧንቧውን ግድግዳ አብሮ ይበላዋል።

እግረ መንገዴን፦ «ይህ የነጮች በሽታ ነው» የሚለው አባባል በሐኪሞች ዘንድ ሳይቀር ይሰማል። በአውሮፓውያን ዝርያ መብዛቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሕሙማን ላይ በብዛት የሚገኝ የራሱ የሆነ የዘረ መል ስሕተት አለ፤ 3120+1ጂ>ኤ ተብሎ ይጻፋል። ሳሉ የማይለቀው፣ ክብደቱ አልጨምር ያለ፣ ሲስሙት ቆዳው ጨው ጨው የሚል ሕፃን በእኛም አገር ሊኖር እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

አሁን ወደ አይጧ። ዘረ መሉ በተገኘ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1992፣ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና እንዲሁም በብሪታንያ ኤድንብራና ካምብሪጅ የሚገኙ ቡድኖች ሲኤፍቲአር የማይሠራላቸውን አይጦች አስወለዱ። የሁሉም ዓይን ሳንባው ላይ ነበር። አይጦቹን የገደላቸው ግን አንጀታቸው ነበር፤ ብዙዎቹ በአንጀት መዘጋት ጡት ሳይጥሉ አለቁ። በሕይወት የተረፉት ሳንባቸው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። በ1994 አንጀቱ ውስጥ ብቻ የሰውን ዘረ መል በመጨመር አይጦቹን ማሳደግ ተቻለ። ሳንባቸው ያን ጊዜም በራሱ አልታመመም። ገምጋሚው የተናገሩት ይህን ነው።

ለምን አልታመመም? እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለ ሰው ሳንባ ብዙ የተማርነው እሱን ስንመልስ ነውና። አንደኛ፣ አይጧ ሌላ በር አላት፤ በካልሲየም የሚከፈት የክሎራይድ መተላለፊያ የተዘጋውን በር ሥራ ይሸፍንላታል። ሁለተኛ፣ በሰው ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ንፍጥ የሚያመነጩ እጢዎች እስከ ታችኞቹ ቅርንጫፎች ድረስ ተዘርግተዋል፤ በአይጥ ግን ከዋናው የአየር ቧንቧ ጫፍ ብዙም አይወርዱም። ሦስተኛው ምክንያት የታወቀው ዘግይቶ፣ በ2016 ነው። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤቲፒ12ኤ የተባለ ፕሮቲን ተከታተሉ፤ ሥራው አሲድ ወደ ቧንቧው ፈሳሽ መግፋት ነው። ሰውና አሳማ አላቸው፤ በአይጥ ቧንቧ ውስጥ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በሰው ላይ ሲኤፍቲአር ሲበላሽ አሲዱን የሚያለዝበው ባይካርቦኔት ይቀራል፣ አሲድ ገፊው ብቻውን ይሠራል፣ ፈሳሹ ይኮመጥጣል፤ በውስጡ ያሉት የተፈጥሮ ፀረ ባክቴሪያ ፕሮቲኖችም ይዳከማሉ። አይጧ ገፊው ስለሌላት ፈሳሿ አይኮመጥጥም። ተመራማሪዎቹ ይህን ፕሮቲን ሲኤፍቲአር በሌላቸው አይጦች ቧንቧ ውስጥ ሲያስገቡ ፈሳሹ ኮመጠጠ፣ ባክቴሪያውም በዛ። እንግዲህ አልታመም ያለችው አይጥ የሰው ሳንባ አንዱ ድካም የት እንዳለ በጣቷ አሳየችን። ይህን ውጤት «ያልተሳካ ሞዴል» (የሰውን በሽታ ማስመሰል ያልቻለ እንስሳ) ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

አይጧ በራሷ ካልታመመች እንግዲህ ባክቴሪያውን እኛ መስጠት አለብን። እዚህ ላይ ሁለተኛ እንቅፋት አለ። በፈሳሽ የተበጠበጠ ፕሴዶሞናስ ወደ ሳንባዋ ቢገባ ወይ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጠርጋ ታስወጣዋለች፣ ወይ መጠኑ ከበዛ በደም መመረዝ ትሞታለች። መሃል የለም። በሕሙማን ላይ የምናየው ደግሞ መሃሉ ነው፦ የማይገድል፣ የማይለቅ፣ ዓመት ከዓመት የሚያንገላታ። ይህን መሃል ለመፍጠር በ1979 በትልልቆቹ የላቦራቶሪ አይጦች ላይ የተገኘው መላ እስከ ዛሬ እንጀራችን ነው። ባክቴሪያውን በአጋር ዶቃ ውስጥ መክተት፤ አጋር ከባሕር አረም የሚሠራ፣ ሲሞቅ የሚቀልጥ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ነገር ነው።

አሠራሩን በቅርብ ላሳይዎት። ሌሊቱን ያደገው ባክቴሪያ ከቀለጠና ለብ ካለ፣ ግን ገና ካልረጋ አጋር ጋር ይደባለቃል። ድብልቁ በማግኔት በሚሽከረከር ሞቅ ያለ የማዕድን ዘይት ውስጥ ሲፈስስ ዘይቱ ወተት ይመስላል፤ አጋሩ በደቃቅ ጠብታ ተበትኗል ማለት ነው። ማሽከርከሩ ሳይቆም ዕቃው በበረዶ ይከበባል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጠብታዎቹ ይረጋሉ። ከዚያ ዘይቱ እስኪለቅ ደጋግሞ ማጠብ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ክብ፣ ብርሃን አሳላፊ ዶቃዎች ናቸው፤ ውስጣቸው በባክቴሪያ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ስፋታቸው ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ግድም ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ከገዘፉ ቧንቧውን ይደፍናሉ፣ ካነሱ ወደ አየር ከረጢቶቹ ዘልቀው ሌላ ዓይነት የሳንባ ምች ያመጣሉ። ማደንዘዣ በተሰጣት አይጥ ቧንቧ ውስጥ 50 ማይክሮሊትር ያህል ይገባል። ዶቃው በሕመምተኛው ሳንባ ውስጥ ያለውን የንፍጥ ቦታ በአይጧ ላይ ተክቶ ይቆማል፤ ባክቴሪያው ተሸሽጎ ይቆያል፣ ኒውትሮፊሎቹ ዙሪያውን ይከብባሉ፣ ኢንፌክሽኑም ለሳምንታት ይዘልቃል።

አንድ ነገር ማንም አልነገረኝምና ለእርስዎ ልንገርዎት፦ ዶቃ ይዘቅጣል። በሥራው ጀማሪ ሳለሁ ዶቃውን በቱቦ አስቀምጬ አይጦቹን ተራ በተራ እወጋ ነበር፤ በየመካከሉ አላናወጥሁትም። በሁለተኛው ሌሊት፣ መጨረሻ ላይ የተወጉት አይጦች ሞቱ፤ መጀመሪያ የተወጉት ምንም አልሆኑም። አጋጣሚ ሆኖ የመጨረሻዎቹ ሁሉ መድኃኒት ያላገኘው ቡድን አባላት ነበሩ። ውጤቱ እጅግ ያማረ ነበር፤ መድኃኒቱ ሕይወት ያዳነ መሰለ። ከቱቦው ላይና ከታች ናሙና ወስጄ ዶቃውን ፈጭቼ ስቆጥር ግን ልዩነቱ ከመጠኑ የመጣ ሆኖ ተገኘ። የሁለት ወር ሥራ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዷ አይጥ በፊት ቱቦውን አናውጣለሁ፣ የቡድኖቹንም ተራ በዕጣ አቀላቅላለሁ። የእነዚያ አይጦች ሞት ለምንም ሳይጠቅም መቅረቱ ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁን ልብ ይበሉ፦ ዶቃው በጤነኛ አይጥም ላይ ይሠራል። ስለዚህ ጥያቄዎ ስለ ባክቴሪያውና ስለ መድኃኒቱ ከሆነ የዘረ መል ጉድለት ያለባት አይጥ የግድ አታስፈልግዎትም። ጥያቄዎ «ሲኤፍቲአር መጥፋቱ የሰውነትን ምላሽ እንዴት ይለውጣል?» የሚል ከሆነ ግን ታስፈልግዎታለች። እነዚህ አይጦች በዶቃ ሲለከፉ ከጤነኞቹ የባሰ እብጠትና ሞት እንደሚደርስባቸው ታይቷል። ንፍጥ በራሱ የሚዘጋጋበትን ሳንባ ለሚፈልግ ደግሞ በ2004 የተዘጋጀ ሌላ አይጥ አለ። የእሷ ሲኤፍቲአር ጤነኛ ነው፤ ሶዲየም የሚመጥጠው መተላለፊያ ግን ከልክ በላይ ይሠራል፣ የቧንቧውን ውኃ ያደርቃል፣ ንፍጡም ይጋገራል። ለንፍጥ ጥናት እመርጣታለሁ፤ ለፕሴዶሞናስ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለችም።

የዶቃዋ አይጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ቢአይአይኤል 284 የተባለ መድኃኒት ኒውትሮፊሎችን የሚጠራውን የሉኮትራይን ምልክት ይዘጋል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሳንባውን የሚጎዳው እብጠቱ ከሆነ እብጠቱን እናብርድ። ከ400 በላይ ሕሙማን የተካፈሉበት ሙከራ ግን መድኃኒቱን በወሰዱ አዋቂዎች ላይ የሳንባ ችግር በመብዛቱ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። በኋላ ተመራማሪዎች ያንኑ መድኃኒት ፕሴዶሞናስ ያለበትን ዶቃ ለተሰጣቸው አይጦች ሰጡ። ኒውትሮፊሎቹ በሳንባ ውስጥ ቀነሱ፤ ባክቴሪያው ግን በረታ፣ ወደ ደም ተሻገረ፣ እብጠቱም ጭራሽ ባሰ። የጥናቱ ቅደም ተከተል ሲታሰብ ያማል፤ አይጧ የተጠየቀችው ከሰዎቹ በኋላ ነው። ስለዚህ «ዋጋ የለውም» የሚለውን አልቀበልም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ እንምጣ። አንዲት እንስሳ በሽታውን በሙሉ ታሳየን ከተባለ ወደ ሰው እጅግ የቀረበችው አሳማ ናት። በአዮዋና በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር በ2008 የተወለዱት ሲኤፍቲአር የሌላቸው የአሳማ ግልገሎች ሳንባቸው ገና በመወለጃቸው ሰዓት እብጠት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ወደ ሳንባቸው የገባውን ባክቴሪያ ማጥፋት አቅቷቸው ነበር። ይህ ለዓመታት የቆየ ክርክርን መለሰ፦ እብጠቱ ይቀድማል ወይስ ኢንፌክሽኑ? በአሳማዋ ሳንባ መጀመሪያ የተጓደለው መከላከያው ነው። በወራት ውስጥ እብጠቱ፣ የንፍጡ መከማቸትና የቧንቧው ጉዳት ተከተሉ።

በእነዚህ ግልገሎች ላይ ከተሠሩት ሙከራዎች አንዱን ሳስተምር ሁልጊዜ እጠቅሰዋለሁ። ስታፊሎኮከስ ባክቴሪያን ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሚያገለግል ደቃቅ የወርቅ ወንፊት ላይ አጣበቁ። ወንፊቱን በሕይወት ባለው ግልገል የአየር ቧንቧ ላይ ለአንዲት ደቂቃ አሳረፉና አነሡት፤ ከዚያ ስንቱ ባክቴሪያ እንደሞተ ቆጠሩ። ባክቴሪያው ስለተጣበቀ ተጠርጎ ሊሄድ አይችልም፤ የነጭ ሕዋሳት መድረሻ ጊዜም የለም፤ የሚገድለው ፈሳሹ ብቻ ነው። በጤነኛዋ ግልገል ላይ በዚያች ደቂቃ ብዙ ባክቴሪያ ሞተ፤ ሲኤፍቲአር በሌላት ላይ ያነሰ። የፈሳሹ አሲድነት ሲቀነስ መግደሉ ተመለሰ። በ2014 ደግሞ ንፍጡ ከእጢዎቹ አፍ እንደ ክር ወጥቶ ሳይበጠስ ተንጠልጥሎ እንደሚቀር፣ በዚህም መጠረጉ እንደሚደናቀፍ ያው ቡድን አሳየ።

ይሁንና ነገሩ ተዘግቷል አልልም። በ2017 በሕፃናት ሕሙማን ቧንቧ ውስጥ በቀጥታ የተለካው ፈሳሽ ከጤነኞቹ ይበልጥ አሲዳማ ሆኖ አልተገኘም። አሳማ የነገረችንን ሁሉ ሰው ላይ ሳንለካ ልንጽፍ እንደማይገባ ይህ በቂ ማሳሰቢያ ነው። በአሳማዎቹ ሳንባ የሚገኙት ባክቴሪያዎችም የተቀላቀሉ ዓይነቶች ናቸው፤ በአዋቂ ሕሙማን እንደምናየው ፕሴዶሞናስ ብቻውን የነገሠበት አይደለም። ደግሞ ሁሉም ግልገሎች ሲወለዱ አንጀታቸው ተዘግቶ ነው፤ በሰው ይህ የሚደርሰው ከመቶ ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ሕፃናት ላይ ነው። ያለ ቀዶ ሕክምና አንዲት ግልገል አትተርፍም። ሌሊትና ቀን የሚንከባከባት ሰው፣ የእንስሳት ቀዶ ሐኪም፣ የተለየ ቤት ያስፈልጋል። እርስዎ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያስቡት አይደለም።

ፌሬት የምትባለዋ ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ በ2010 ተጨምራለች። የቧንቧዋ እጢዎች አደረጃጀት ለሰው ይቀርባል፤ ሳንባዋም በራሱ ይለከፋል፣ ያለ አንቲባዮቲክ ማሳደጓ ከባድ ነው። በ2019 የተዘገበው ሥራ ደግሞ አስደናቂ ነው። ኢቫካፍቶር የተባለው በር ከፋች መድኃኒት የሚሠራበትን የዘረ መል ስሕተት ለያዙ ፌሬቶች መድኃኒቱን ገና በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ መስጠት ተቻለ፤ የአንጀት መዘጋቱ ቀነሰ። መድኃኒቱ ሲቋረጥባቸው ግን ሳንባቸው መታመም ጀመረ። በሽታውን በፈለጉበት ዕድሜ መጀመር ማለት ነው። ዛሬ ትልቁ ጥያቄ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ከ2019 ወዲህ ሦስት መድኃኒቶችን ያጣመረው ሕክምና ለብዙ ሕሙማን በሩን ከፍቶላቸዋል፤ ትንፋሻቸው ተሻሽሏል። በሳንባቸው የቆየው ባክቴሪያ ግን በብዙዎቹ ላይ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ያረጀ ኢንፌክሽን በሩ ከተከፈተ በኋላም ለምን ይቀራል? ለዚህ ሁኔታ የተበጀ እንስሳ ያስፈልገናል፤ እስካሁን ፌሬቷ ትቀርባለች።

ስለ እንስሳው ይህን ያህል ስናወራ ባክቴሪያውን እንዳንረሳ። አብዛኛው የፕሴዶሞናስ ጥናት የሚሠራበት ፒኤኦ1 የተባለው ዘር በ1950ዎቹ በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከቁስል የተገኘ ነው፤ ከሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሳንባ አይደለም። በሕመምተኛ ሳንባ ዓመታት የኖረ ባክቴሪያ ሌላ ፍጥረት ነው፤ መዋኛ ጅራፉን ይጥላል፣ ዝልግልግ ሽፋን ይለብሳል፣ ከጓደኞቹ ጋር የሚነጋገርበትን የኬሚካል ምልክት ይቀንሳል። አጣዳፊ በሽታ የማምጣት ኃይሉ ብዙ ጊዜ ይደክማል፤ መሰንበቱን ግን አይለቅም። ውሁድዎን በፒኤኦ1 ብቻ ፈትነው «በሕሙማን ላይ ይሠራል» ቢሉ እኔም ገምጋሚ ብሆን እመልስብዎታለሁ።

እንግዲህ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። መጀመሪያ ውሁዱን የሕሙማንን አክታ አስመስሎ በተዘጋጀ ማሳደጊያ ውስጥ፣ በባዮፊልም (ባክቴሪያዎች ተጣብቀው በሚሠሩት ዝልግልግ ንጣፍ) ላይ እፈትናለሁ፤ እዚያ ካልሠራ አንዲት አይጥ አልነካም። ከሠራ ሲ57ብላክ6 በተባለው የአይጥ ዘር ላይ የዶቃውን ሞዴል እጠቀማለሁ። ፒኤኦ1 ለማነጻጸሪያ፣ ከሥር የሰደደ ኢንፌክሽን የተገኙ ቢያንስ ሁለት ዘሮች ለዋናው ሥራ። ባክቴሪያ የሌለበት ባዶ ዶቃ የተሰጠው ቡድን አይቀርም፤ ዶቃው ራሱ ጥቂት እብጠት ያመጣልና። ሕክምናውን ባክቴሪያው በገባ በሁለተኛው ሰዓት አልጀምርም፤ ብዙ ጽሑፎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ኢንፌክሽኑ ሥር እስኪሰድ ቀናት እጠብቃለሁ፤ ሕመምተኛው ወደ ሐኪም የሚመጣው ተለክፎ ከቆየ በኋላ ነው። የባክቴሪያውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የኒውትሮፊሎቹንና የቧንቧውን ግድግዳ ጉዳት እለካለሁ፤ ቢአይአይኤል 284 ያስተማረን አንዱን ለይቶ ማየት እንደሚያሳስት ነው። አይጥ ብዙ መድኃኒቶችን ከሰው ፈጥና ከሰውነቷ ስለምታስወጣ የውሁዱን መጠን በደሟና በሳንባዋ ሳልለካ የሰውን መጠን በክብደት አካፍዬ አልሰጥም። ክብደቷ ከመነሻው በ20 በመቶ የቀነሰ አይጥ ሥቃይዋ እንዲያበቃ ይደረጋል፤ ይህ በዕቅዱ ላይ ከመጀመሪያው ይጻፍ።

ርዕሱንም ይለውጡት። «የሲስቲክ ፋይብሮሲስ አይጥ» የሚለውን ያውጡና «ሥር የሰደደ የፕሴዶሞናስ የሳንባ ኢንፌክሽን በአጋር ዶቃ የአይጥ ሞዴል» ይበሉት። ለገምጋሚው ደግሞ በትሕትና እንዲህ ብለው ይመልሱ፦ «አይጥ በዚህ በሽታ በራሷ እንደማትለከፍ ተረድቻለሁ፤ ዕቅዴም በሽታውን አይጥ ላይ ለማምጣት አይደለም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሳንባ ውስጥ ተሸሽጎ ሥር የሰደደን ፕሴዶሞናስ ይህ ውሁድ ይደርስበታል ወይስ አይደርስበትም?» ይህን ጥያቄ አይጧ መመለስ ትችላለች።